ዶግፊሽ አላስቀምጥ ሲለን

ስለ ባሕር ዓሣ ማጥመድ በዚህ ዓምድ መመለስ ከጀመርኩ ወዲህ ስለ አንድ ፍጡር ይህን ያህል ደብዳቤ ደርሶኝ አያውቅም። ስለዚህ የስትራይፐሩና የሎብስተሩ ጥያቄ ለሚቀጥለው እትም ይደር፤ ዛሬ ሁሉም ዶግፊሽ ስለሚባለው ትንሽ ሻርክ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሁለት ልጆቼንና አማቴን ይዤ ጁላይ ላይ ከግሎስተር በሚነሳ፣ ለየሰዉ ቲኬት በሚቆረጥበት ጀልባ ሃዶክ የሚባለውን ዓሣ ልናጠምድ ወጣን። መንጠቆው ገና ታች ሳይደርስ ዘንጉ ይጎብጣል፤ ስናወጣው ያው ግራጫ ሻርክ። የእኔ ክር ከጎረቤቴ፣ የጎረቤቴ ከአማቴ እየተተበተበ ግማሹ ቀን ክር በመፍታት አለቀ። ካፒቴኑ ሁለት ጊዜ ቦታ ቀየረ፤ ለውጥ የለም። ቤት የገባነው በጥቂት ሃዶክ ነው። ልጆቹ በደስታ ሰክረዋል፤ የተቃጠልኩት እኔ ነኝ። ገንዘቤን ልጠይቅ? ወይስ ጥፋቱ የእኛ ነው? ለማጥመድስ ፈቃድ ያስፈልገን ነበር?
(ከማልደን፣ ማሳቹሴትስ)

መልስ፦ ገንዘብህን አትጠይቅ። የተሸጠልህ የጀልባው ጉዞ ነው እንጂ ሃዶኩ አይደለም። ሁለት ጊዜ ቦታ የቀየረልህ ሰውዬ እንዲያውም ነዳጁን አቃጥሎልሃል፤ መልሕቁን ጥሎ «የዛሬ ዕድላችሁ ነው» ብሎ ቡናውን የሚጠጣም አለ። እንዲህ ካለው ጋር ወጥቼ አውቃለሁ፤ ዳግመኛ አልሄድኩም፤ ስሙንም አልናገርም።

የተሳሳተው ወሩ ነው። ይህ ሻርክ ክረምቱን ወደ ደቡብ ወርዶ እስከ ኖርዝ ካሮላይና ባለው ውሃ ያሳልፋል። ጸደይ ሲመጣ ወደ ሰሜን ይጓዛል፤ ጁን ላይ ማሳቹሴትስ ደጃፍ ነው፤ በጋውን ሙሉ በሜይን ባሕረ ሰላጤ ይከርምና በልግ ላይ ይመለሳል። ጁላይና ኦገስት ማለት እሱ ቤቱ ያለበት ጊዜ ነው። ስቴልዋገን ባንክም ሆነ ጄፍሪስ ሌጅ የሚባሉት ዓሣ ማጥመጃ ቦታዎች የምትሄደው ለሃዶክ ብለህ ነው፤ እሱም የሚመጣው እዚያው ለሚርመሰመሱት ሄሪንግና ማካሬል ለሚባሉት ዓሦች ነው። ልጆች ይዘህ ለመውጣት ኤፕሪል መጨረሻና ሜይ ይሻላል። ብርድ አለ፤ ባሕሩም አንዳንዴ ያስመልሳል፤ ግን መንጠቆህ ታች ይደርሳል።

ልጆችህ ያወጧቸው ሁሉ በቁመት እኩል እኩል እንደነበሩ አስተውለህ ይሆናል። ዶግፊሽ የሚጓዘው በፆታና በቁመት ተለያይቶ ነው፤ ትልልቆቹ ሴቶች ለብቻቸው፣ ወንዶቹና ታናናሾቹ ለብቻቸው። ጀልባህ የትልልቆቹ ሴቶች መንጋ ላይ ከቆመ አንድ ሜትር የሚጠጉ ሻርኮችን እየደጋገምክ ታወጣለህ። አንድ ዓሣ ነካህ ማለት መንጋው ከሥርህ ነው ማለት ነው፤ «ይህ አልፎ ሃዶኩ ይመጣል» ብሎ መጠበቅ አያዋጣም።

ያደግሁት ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል አጠገብ ነው። ዓሣ የሚበለትበት ቦታ ሽታ ምን ምን እንደሚጠራ የማውቀው ያኔ ነው፤ አባ ኮዳው ሰልፍ ይይዛል፣ ድመቱ ይመጣል፣ ውሻው ይመጣል። መልሕቅ ጥሎ የቆመ ጀልባም እንዲሁ ነው። ሠላሳና አርባ መንጠቆ ላይ የተሰካው ክላም (ዛጎል ለበሱ የባሕር ፍጡር)፣ የተቆራረጠው ሄሪንግ፣ ወደ ውሃ የሚጣለው ፍርፋሪ፣ ሽታው በሞገዱ እየተሳበ ሩቅ ይሄዳል። ዶግፊሽ የሚያድነው በማሽተት ስለሆነ ያን መስመር ይዞ ይመጣል። ከዚህ በኋላ ሩብ ሰዓት መቆየትም ጊዜ ማባከን ነው። ደህና ካፒቴን መልሕቁን ሰብስቦ አንድ ሁለት ማይል ይሄድና ሞተሩን አጥፍቶ ጀልባዋን በሞገዱ ያስነዳታል፤ ሽታው አንድ ቦታ አይጠራቀምም።

አንተ በበኩልህ የምታደርገው ሥጋውን ከመንጠቆው ላይ ማውረድ ነው። ብረቱን ብቻ፣ ጂግ የሚሉትን፣ ጣልና አንድ ክንድ ከመሬት እያነሳህ እያወረድክ ሥራው። ሃዶክ በክላም ይበልጥ እንደሚያዝ አውቃለሁ፤ ዶግፊሹም ጂጉን አንዳንዴ ይነክሳል። ነገር ግን ከአሥር ንክሻ አሥሩም ሻርክ ከሚሆን፣ አምስት ተነክሶ ሁለቱ ሃዶክ ቢሆን ይሻላል። ክላም ካልጣልኩ ካልክ ደግሞ ክሩን ውሃ ውስጥ ትተህ ከአማትህ ጋር ወሬ አትያዝ። የተዘነጋ ማባበያ የዶግፊሽ ነው።

ክሩን የሚተበትበው ከውሃ ሲወጣ የሚሽከረከረው መሽከርከር ነው። ቆዳው እንደ ሞረድ ስለሆነ የናይለኑን ክር እየፋቀ ያሳሳዋል። አንድ ዶግፊሽ ካወጣህ በኋላ መንጠቆው አጠገብ ያለውን አንድ ክንድ ክር በጣቶችህ ዳሰው፤ ሻክሮ ካገኘኸው ቁረጠውና እንደገና እሰር። ብዙ ሰው ይህን አያደርግምና ቀኑ ሊያልቅ ሲል የመጣለት ትልቅ ሃዶክ ይበጠስበታል፤ ከዚያ ካፒቴኑን ይሰድባል።

ስለ ፈቃድ ጨምረህ ጠይቀሃል። በዚያ ዓይነት ጀልባ ላይ የማሳቹሴትስ ፈቃድ ያለው ጀልባው ስለሆነ ለየሰዉ አያስፈልግም። ከራስህ ጀልባ ወይም ከዳር ከሆነ ግን 16 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሁሉ ያወጣል፤ ለ60 ዓመትና ከዚያ በላይ በነፃ ነው። አማትህን ደስ ይበላቸው በላቸው።

ጥያቄ፦ ለዓምዱ አዘጋጅ። አርባ ዓመት በዚህ አገር ኖሬአለሁ፤ ድሮ ከጀልባ ኮድ የሚባለውን ዓሣ አውጥተን ለጎረቤት እናድል ነበር። አሁን ኮዱን ዶግፊሽ በልቶ ጨርሶት መንግሥት ደግሞ ኮታ እያወጣ ሻርኩን ይጠብቃል። ይህ ምን ዓይነት ፍርድ ነው? በጀልባው ላይ የነበሩ ጎረምሶች እያወጡ ጭንቅላቱን ከብረቱ ጋር እያጋጩ ሲጥሉት አይቼ፣ እውነቱን ልንገርዎትና፣ «እሰይ» አልኩ።
(ከዉስተር)

መልስ፦ «እሰይ» ማለትዎን አልፈርድበትም። አንድ ሃዶክ ከስንት ልመና በኋላ ተይዞ፣ እያወጡት ሳለ ግማሹ ተገምጦ ሲመጣ ማን ይታገሣል! አጥማጁ የሚያየው ውሸት አይደለም። ፍርዱ ግን ያልፈጸመው ወንጀል ላይ እንዳይሆን።

ዉድስ ሆል ያለው የፌዴራል የዓሣ ጥናት ማዕከል ለአሥርተ ዓመታት የዓሦችን ጨጓራ እየከፈተ የሚበሉትን መዝግቧል። በዶግፊሽ ጨጓራ ውስጥ ሄሪንግ፣ ማካሬል፣ ስኩዊድ፣ ከሁሉም የሚገርመው ደግሞ ብዙ የባሕር ጄሊ ነው የሚገኘው። ኮድ አለ፤ ግን ጥቂት ነው። ኮዱን ያዳከመው በመጀመሪያ እኛው ነን፦ ለብዙ ዘመን ከሚራባው በላይ ተጠመደ። ከዚያ ውሃው ሞቀ፤ ከ2004 እስከ 2013 ባለው ጊዜ የሜይን ባሕረ ሰላጤ ከዓለም ውቅያኖስ 99 በመቶው በፈጠነ ፍጥነት እንደሞቀ ተለክቷል። ኮድ ደግሞ ቀዝቃዛ ውሃ ወዳድ ነው።

ወደ ኮታው ልምጣ፤ ይህ ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ ግማሹ ስለሚቀር ትንሽ ልቆይበት። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኮድና ሃዶኩ ሲመናመን ለዓሣ አስጋሪዎቹ የተባለው «ዶግፊሽ ሞልቷል፤ እሱን ያዙ» ነበር። ያዙ። በ1996 ወደ 60 ሚሊዮን ፓውንድ ወደብ ገባ። ገዢው አውሮፓ ነው፤ እንግሊዝ ጠብሶ ከድንች ጋር ይበላዋል፣ ጀርመን የሆዱን ሥጋ በጭስ አድርቆ ይሸጠዋል። ሁለቱም የሚፈልጉት ትልቁን ነው። ትልቁ ደግሞ ሴቷ ናት። ይህች ሴት የመጀመሪያዋን ልጅ ለመውለድ አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ይፈጅባታል፤ ስትፀንስ ደግሞ ወደ ሁለት ዓመት ይጠጋል፣ ከዝሆን የማይተናነስ እርግዝና ነው። የምትወልደው በአማካይ ስድስት ገደማ ነው። ኮድ በአንድ ወቅት በሚሊዮን የሚቆጠር እንቁላል ሲጥል፣ እሷ ስድስት።

እናቶቹ ተሰብስበው ሲወሰዱ ምን እንደሚሆን ለመገመት ሳይንቲስት መሆን አያሻም። ከ1997 እስከ 2003 ድረስ በመንግሥት የጥናት መረብ የገባው ግልገል እጅግ ጥቂት ነበር። በ1998 «ከመጠን በላይ የተጠመደ» ተባለ፤ በ2000 የፌዴራል ኮታ ወጣ፤ በ2010 አገግሟል ተባለ። ያ እርስዎ በጀልባው ላይ ያዩት ብዛት የተመለሰው በዚያ ኮታ ነው። ያን ያህል ሲያዩት ደግሞ «በዝቷል» ማለትዎ ትክክል ነው፤ በቆሙበት ቦታ በዝቷል። በጠቅላላ ባሕሩ ግን ጥናቱ የትልልቆቹን ሴቶች መቀነስ ስላሳየ የንግዱ ኮታ በ2022 ከነበረበት 29.6 ሚሊዮን ፓውንድ በ2023 ወደ 12 ሚሊዮን ወርዷል። መንጋ የሚሠራ ፍጡር ቁጥሩ ቢቀንስም መንጋው ያው መንጋ ነው፤ ስለዚህ ከጀልባ ሆኖ የሚቆጠር ቁጥር ያታልላል።

ፍርዱ ፍትሐዊ አይደለም የሚሉኝ ሌላ ምክንያት ቢኖርዎት እቀበላለሁ፤ እኔም ቅሬታ አለኝ። ኬፕ ኮድ በሚባለው የማሳቹሴትስ ባሕር ዳር፣ በተለይ ቻተም፣ ከዚሁ ዓሣ የሚኖሩ ትንንሽ ጀልባዎች አሉ። ለዓመታት ያገኙት የነበረው ለፓውንዱ 20 ሳንቲም ገደማ ነው። ነዳጅ፣ በረዶና የሰው ጉልበት ተከፍሎበት! እዚሁ አገር ውስጥ ገዢ ቢያገኝ ኖሮ፣ በተለይ ትንንሾቹን ወንዶች የሚገዛ ቢኖር፣ እናቶቹ ላይ ያለው ጫና በቀነሰ፣ እርስዎም መንጠቆዎ ባረፈልዎ ነበር። የሚያስፈልገን ይህ ይመስለኛል። ጎረምሶቹ ከብረት ጋር አጋጭተው የጣሏቸው ሃያ ሠላሳ ዓሦች ግን መንጋውን አይቀንሱትም። ያንን ካየሁ እኔ እናገራለሁ፤ ተናግሬም ተኮርፌአለሁ። ለመንጠቆው ረጅም ፒንሳ ይያዙ፤ አንዴ አዙሮ ማውጣት ነው። ክብ መንጠቆ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የሚይዘው ከከንፈር ጥግ ስለሆነ ከሆድ ዕቃው ጋር አይታገሉም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ባለቤቴ ዲሴምበር ላይ ከጓደኞቹ ጋር ከኦሽን ሲቲ ወጥቶ ጥቂት ብላክ ሲ ባስና አንድ ከረጢት ሙሉ ዶግፊሽ ይዞ መጣ። ሲ ባሱ ግሩም ነበር። ዶግፊሹን በማግስቱ ስከፍተው ግን ቤቱ በሙሉ የመጸዳጃ ቤት ኬሚካል ሸተተ። ተበላሽቶ ነው? ባለቤቴ «የሻርክ ጠባዩ ነው፣ ሎሚ አድርጊበት» ይላል። አማቴ ደግሞ ቅርፊት የሌለው ዓሣ ቤቴ አይገባም ብለው ተቆጥተዋል። እኔ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ሽታው ራሱ ገደለኝ።
(ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ እንኳን ማርያም በሰላም ታገላግልሽ። ከረጢቱን ዳግመኛ ሳትከፍቺ ወደ ውጭ ማጠራቀሚያ ላኪው፤ ባለቤትሽ ራሱ ይውሰደው።

ባለቤትሽ ግማሽ እውነት አለው። የሻርክ ወገን ሁሉ ዩሪያ የሚባለውን፣ ሌላው እንስሳ በሽንት የሚያስወግደውን ነገር፣ በደሙና በሥጋው ይዞ ይኖራል፤ የባሕሩን ጨው የሚቋቋመው በእሱ ነው። ዓሣው ከሞተ በኋላ ባክቴሪያ ያንን ዩሪያ ወደ አሞኒያ ይለውጠዋል። አንቺን የገደለሽ እሱ ነው። ስለዚህ ዶግፊሽ ሊበላ ከተፈለገ ሥራው የሚሠራው ጀልባው ላይ ነው፦ እንደወጣ ጅራቱ ሥር ተቆርጦ ደሙ ይፈስሳል፣ ሆዱ ወዲያው ይጸዳል፣ ከዚያ በረዶ ውስጥ ይቀበራል። ባለቤትሽ ግን፣ ገምቼ ልናገርና፣ ሙሉውን ዓሣ ከረጢት ውስጥ ከቶ ባንኮኒው ሥር ትቶታል። እንዲህ የዋለውን ሎሚ አይመልሰውም። በደንብ ደሙ የፈሰሰውን ግን ቆዳውን ገፎ ፊሌቶውን ለአንድ ሰዓት ያህል ሎሚ በተጨመቀበት ቀዝቃዛ ውሃ መዘፍዘፍ የቀረችውን ሽታ ታነሣለች። ሥጋው ነጭና ጠንከር ያለ ነው፤ አጥንቱ ለስላሳ ስለሆነ የሚወጋ እሾህ በሥጋው ውስጥ የለም። እኔ ዓሣ ጉላሽ እሠራበታለሁ፦ ቀይ ሽንኩርቱ በደንብ ከበሰለ፣ ቲማቲሙ ከገባ በኋላ፣ ዓሣውን መጨረሻ ላይ ከቃሪያው ጋር። ሃዶክ እዚያ ውስጥ ይፈረካከሳል፤ ይህ ግን ቅርጹን ይዞ ይወጣል።

አንቺ ግን አትብዪው፤ በደንብ የተሠራውንም ቢሆን። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶችና ሕፃናት እንዲተዉአቸው ከዘረዘራቸው ዓሦች አንዱ ሻርክ ነው፤ ምክንያቱ ሜርኩሪ ነው። ደስ የሚለው፣ ግሩም ነበር ያልሽው ብላክ ሲ ባስ በዚያው መሥሪያ ቤት ዝርዝር ከተመረጡት ውስጥ ነው። ሃዶክ፣ ኮድና ቲላፒያም እንዲሁ። በሚቀጥለው ጉዞ ባለቤትሽ የሚያመጣው ምን እንደሆነ አሁን ታውቂያለሽ።

በአማትሽ ጉዳይ ከእሳቸው ጋር አልከራከርም። ክንፍና ቅርፊት ያለውን ብላ የሚለው የዘሌዋውያን ቃል በእኛ አገር ብዙ ቤት ይከበራል፤ ሐዋሳ ሳለሁም ቆሮሶ የሚበሉ፣ አምባዛ ግን በቅርፊት ማጣቱ ደጃቸው የማይደርስ ጎረቤቶች ነበሩን። የዶግፊሽ ቆዳ ላይ ያለው ሸካራ ነገር በአጉሊ መነጽር ሲታይ ጥርስ መሳይ ነው፤ እንደ ቆሮሶ በቢላ የሚፋቅ ቅርፊት አይደለም። ከዚህ በላይ ያለውን የንስሐ አባታችሁ ይንገሯችሁ።

ጥያቄ፦ መንጠቆ አጠገብ የሚታሰር፣ ሻርክ የሚያባርር ብረት አለ ይላሉ። ልግዛ?
(ከሲያትል)

መልስ፦ አትግዛ። ሐሳቡ ተረት አይደለም፤ ሻርክ አፍንጫው ላይ ኤሌክትሪክ የሚሰማበት ቀዳዳዎች አሉት፤ አንዳንድ ብረቶች ጨው ውሃ ሲነካቸው እነዚያን ያስቆጣሉ። አላስካ ላይ በረጅም ገመድ መንጠቆ ሲሞከር የተያዘው ዶግፊሽ ጥቂት ቀነሰ፤ በሜይን ባሕረ ሰላጤ ሲሞከር ግን ለውጥ አልታየም። መንጋ ሆኖ የተራበ ዶግፊሽ ጎረቤቱ ሳይቀድመው መብላቱን ነው የሚያስበው። ብረቱም ውሃ ውስጥ እየሟሟ ያልቃል።

በነገራችን ላይ የእናንተ የፓስፊኩ ዶግፊሽ ከኛው ጋር ቢመሳሰልም ከ2010 ወዲህ ሳይንቲስቶች ለብቻው ዝርያ አድርገውታል። ሴቷ ለመውለድ የምትደርሰው ወደ 35 ዓመት ገደማ ነው። ፒውጀት ሳውንድ ላይ ሳልመን ስትጠብቅ የሚያናድድህ ያ ሻርክ ካንተ ሊበልጥ ይችላልና በቀስታ መልሰው።

ጥያቄ፦ ስለቀው ወጋኝ። እጄ እስከ አንጓዬ አበጠ። መርዝ አለው?
(ከፕሮቪደንስ)

መልስ፦ አለው፤ ቀላል ነው፣ ግን ያማል። ሁለት እሾህ አለው፤ አንዱ ከፊተኛው፣ አንዱ ከኋለኛው የጀርባ ክንፍ ፊት። ሰው የሚወጋው ዓሣው ሰውነቱን እንደ ደጋን አጥፎ ሲወራጭ ነው። በአንድ እጅ ከጭንቅላቱ ኋላ፣ በሌላው ጅራቱን አጥብቀህ ብትይዝ መታጠፊያ ያጣል። አንዱን ብቻ የያዘ ይወጋል። ለወደፊቱ፦ ቁስሉን እጠብ፣ እጅህን ሳያቃጥል በምትችለው ሙቅ ውሃ ውስጥ ለግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ንከር፣ ሕመሙ ይበርዳል። አሁን ግን እብጠቱ ካልወረደ ወይም መቅላት ከጀመረ፣ የእሾህ ስባሪም ውስጥ ሊቀር ስለሚችል፣ ሐኪም ዘንድ ሂድ፤ የቴታነስ ክትባትህ የቆየ እንደሆነም ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ኦገስት ላይ ደላዌር ባሕር ዳር ከአሸዋው ሆነን የያዝነው ዶግፊሽ እሾህ የለውም። በሽታ ይዞት ነው?
(ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ ጤነኛ ነው፤ ሌላ ዝርያ ነው እንጂ። ልሙጡ ዶግፊሽ የሚባለው በበጋ ወደ ዳር ቀርቦ ሸርጣን የሚያድን ነው፤ ጥርሱም ለመፍጨት ጠፍጣፋ ነው። እሾሃሙ በበጋ እኛ ሰሜኖቹ ዘንድ ነው፤ እናንተ ጋ የሚመጣው በክረምት ነው። ደንቡ ግን ይለያል፤ ልሙጡ የሚተዳደረው ከሌሎቹ ሻርኮች ጋር ነውና ይዛችሁ ከመሄዳችሁ በፊት የደላዌርን የዚያን ዓመት የሻርክ ደንብ ተመልከቱ።